የድሮ ፖሊስ አፎት፣ ቀበቶና ፊሽካ፦ ሳያሳምሩ የማቆየት አሠራር

ከካራ ቆሬ እስከ ለገጣፎ፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች የጡረተኛ ፖሊስ ቤት ማግኘት አያስቸግርም። ኮልፌና ሰንዳፋ የፖሊስ ማሠልጠኛ ያላቸው ስለሆኑ ይመስላል። ታዲያ አልጋ ሥር ያለው የቆርቆሮ ሳንዱቅ ሲከፈት ሽጉጡ ብዙውን ጊዜ የለም። የመንግሥት ንብረት ነውና ባለቤቱ ሲሰናበቱ ተመልሷል። የቀረው አፎቱ (ማህደር የሚሉትም አሉ)፣ ቀበቶው፣ የትከሻ ጠፍሩ፣ የአንገት ገመዱ፣ ፊሽካው፣ ጥቂት የደንብ ልብስ የነሐስ ቁልፎች፣ አንዳንዴም የተጣጠፈ ሞዴል 22 (የመንግሥት ንብረት ወጪ ደረሰኝ) ነው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ለዓመታት የተታጠቁት የቆዳ አፎት የሽጉጡን ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ጥይት የሚጎርሰው ክብ ያበጠበት ቦታ፣ አፈሙዙ የቆመበት ጫፍ፣ እጅ ክዳኑን ሲከፍት የነካው ጠርዝ ሁሉ ታትሞበታል። ስድስት ጎራሹ (ጥይቱን በሚዞር ክብ የሚጎርሰው ሽጉጥ) በሌለበት ቤት ውስጥ ለስድስት ጎራሹ ያለን የቅርብ ምስክር አፎቱ ነው። ይህን ምስክር የሚያጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቸልታ ሳይሆን ፍቅር ነው፤ ማለትም ቅቤ፣ የጫማ ቀለም፣ ብራሶ የተባለው የነሐስ መወልወያና ላሚኔሽን።

ሽጉጥ ወይም ጥይት ካገኛችሁ

ሥራው እዚያው ይቆማል። አታንሱት፣ አትክፈቱት፣ ጥይት ይኑርበት አይኑርበት ለማየት አትሞክሩ። ልጆችን አስወጥታችሁ ክፍሉን ቆልፉና 991 ደውሉ፤ ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጣቢያ ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ አሳውቁ። ራሳችሁ በፌስታል ጠቅልላችሁ ታክሲ አትሳፈሩ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። «ላስረክብ እየሄድኩ ነበር» የሚለው ቃል ደግሞ መንገድ ላይ ለሚፈትሽ ፖሊስ ብዙ አያሳምነውም። ለመታሰቢያ ማስቀረት የሚቻልበት መንገድ ይኖር እንደሆነ የሚነግራችሁ ፈቃድ ሰጪው ክፍል እንጂ ጎረቤት አይደለም።

«አሮጌ ስለሆነ አይሠራም» የሚለው አባባል ሰው የሚገድል አባባል ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብዛት ያመረተውን «ቪክቶሪ» የተባለ ስድስት ጎራሽ ውሰዱ። በ1944 (እ.ኤ.አ.) አንዱ የመርከብ ወለል ላይ ወድቆ ሲተኩስ አንድ የአሜሪካ ባሕርተኛ ሞተ። ፋብሪካው የመምቻውን ማገጃ ለመለወጥ የተገደደው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ግን በየአገሩ ተበትነው ቀርተዋል። ያልተተኮሰ ጥይትም እንዲሁ ነው። አይወለወልም፣ አይሞቅም፣ ከቁልፎቹ ጋር በጣሳ አይቀመጥም።

ወሬው ከብሩሹ ይቅደም

ብዙ ሰው መጀመሪያ ዕቃውን ያጸዳና ከዚያ ለአባቱ ያሳያል። ተገላቢጦሽ ነው። አሮጌ ቆዳ፣ የጠመንጃ ዘይትና ላብ አንድ ላይ የሚሰጡት ሽታ አለ፤ እሱ የሚያስታውሰውን ጥያቄ አያስታውሰውም። አንዴ ከተጸዳ ደግሞ ሽታው አይመለስም። ስለዚህ ባለቤቱ በሕይወት ካሉ ዕቃው እንደተገኘ፣ ከነአቧራው፣ እጃቸው ላይ ይቀመጥ።

የሚናገሩትን ለመቅረጽ ስልካችሁን የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉት፤ መሀል ላይ የሚገባ ጥሪ ቀረጻውን ያቋርጣል። ጠረጴዛ ላይ በደረቁ አታስቀምጡት። የታጠፈ ጋቢ ወይም ነጠላ ላይ ካረፈ የሲኒው ኳኳታ አይገባበትም። በክረምት ከሆነ ጠዋት ቅረጹ፤ ዝናቡ የሚብሰው ከሰዓት በኋላ ነው፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ሲመታ ደግሞ ከድምፃቸው የሚተርፍ የለም። ስትጀምሩ ቀኑን፣ ቦታውንና የተገኙትን ሰዎች ስም ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።

«መቼ ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ መልሱ «ድሮ ነዋ» ነው። የእጅ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሻምበል፣ በየትኛው ጎን ነበር የሚታጠቁት?»፣ «ክዳኑን በስንት ጣት ነበር የሚከፍቱት?»፣ «ገመዱ በአንገት ነው በትከሻ?»፣ «ዝናብ ሲመታው ማታ ምን ያደርጉት ነበር?» እጅ የሠራውን አይረሳም፤ ዓመቱና የጣቢያው ስም እጁን ተከትሎ ይመጣል። በማዕረጋቸው ጥሯቸው፤ ማዕረጉም ራሱ ዘመን ይጠቁማል። አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል የሚለው የቀድሞው አጠራር ሲሆን ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር የሚለው የኋላው ነው።

አርባ ደቂቃ ይበቃል። ሽጉጥ የሚቀሰቅሰው ትዝታ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ በተለይ ከ1967 እስከ 1970 ባሉት ዓመታት ላይ ሲደርሱ ዝም የሚሉ ሰዎች አሉ። ዝምታውን በጥያቄ አትቆፍሩት። አፎቱን ተቀብላችሁ ቡና አስፈሉ፣ ሌላ ቀን ተመለሱ።

የትኛው ሽጉጥ ነበር? አፎቱን ማንበብ

በመጀመሪያ ውስጡን በስልክ መብራት ተመልከቱ። የስድስት ጎራሽ አፎት ከመሀሉ ትንሽ ከፍ ብሎ ግራና ቀኝ ያበጠ ነው። ጠፍጣፋና ወጥ ከሆነ የያዘው በእጀታው ካዝና የሚጎርስ ሽጉጥ ነበር። ቀጥሎ ከአፉ እስከ ጫፉ ያለውን ጥልቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። የእንግሊዙ ኤንፊልድ ቁጥር 2፣ በ1932 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥለው ያሉት የሽጉጥ ዓመቶችም እንዲሁ) ለጦሩ የተመረጠው ነጥብ 38 (የጥይቱ ስፋት መጠሪያ፣ በኢንች)፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 26 ሴንቲ ሜትር ነው። የ1915ቱ ዌብሊ ማርክ 6፣ ነጥብ 455፣ ወደ 28 ተኩል ይጠጋል፤ ክብደቱም ከ1 ኪሎ ስለሚያልፍ የታጠቀውን ቀበቶ ወደ ታች ጎትቶ ያጎብጠዋል። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን «ሚሊተሪ ኤንድ ፖሊስ»፣ በ1899 ወጥቶ ከ1957 ጀምሮ «ሞዴል 10» የተባለው፣ ባለ 4 ኢንች አፈሙዙ 23 ተኩል ያህል ነው። የሩሲያው ናጋንትም በርዝመት ከዚህ አይለይም፣ ግን ሰባት ጎራሽ ነው። የጣሊያኑ ቦዴዮ የ1889 ሥሪት ነው፤ ከወራሪው ጦር ጋር የመጡ ዕቃዎች ውስጥ ስለሚጠበቅ ልብ በሉት። እጀታው ከአፎቱ ውጭ የሚቀር ስለሆነ የጥልቀቱ ልክ ከሽጉጡ ርዝመት ማነሱ አያሳስባችሁ። ክዳኑ ሲዘጋ እጀታው የሚያርፍበትን እብጠት ደምሩበት።

አፎቱ ቆዳ ሳይሆን ወፍራም የሸራ ጥልፍ ከሆነ የእንግሊዝ የ1937 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት ትጥቅ ሊሆን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 6/1934 ፖሊስ እንደገና ሲደራጅ የእንግሊዞች እጅ ስለነበረበት እንዲህ ያለው ዕቃ እዚህ መገኘቱ አይገርምም። በውስጡ በኩል የመወልወያ ዘንግ የሚገባባት ጠባብ ኪስ ትኖራለች። ክዳኑ ውስጥ ደግሞ እንደ ዶሮ እግር ያለች ባለሦስት መስመር ማኅተም ፈልጉ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ነች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከዶሮ እግሯ አጠገብ «1942» የሚል ቁጥር ታትሞ ሲያይ «በ1942 ዓ.ም. የተሰጠ» ብሎ ይጽፋል። ቁጥሩ የፈረንጅ ነው። በእኛ 1934 ወይም 1935 ማለት ነው፣ እሱም የተሰፋበት እንጂ የታደለበት ዓመት አይደለም። የስምንት ዓመት ስህተት የአንድን ሰው የአገልግሎት ታሪክ ያፋልሳል። መዝገባችሁ ላይ ማኅተሙን እንዳለ ገልብጡና ከጎኑ «እ.ኤ.አ.» ጨምሩ።

ቁልፍና አርማ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ ካለ ሥሪቱ ከንጉሡ ዘመን ነው፤ ዘውዱ ከ1967 በኋላ ወርዷል። ፊሽካው ላይ «ጄ. ሃድሰን፣ በርሚንግሃም» የሚል ካነበባችሁ፣ በ1883 (እ.ኤ.አ.) ለለንደን ፖሊስ ፊሽካ ማቅረብ የጀመረው ፋብሪካ ሥራ ነው። ውስጡ የቡሽ ፍሬ ያለው ዓይነት ከሆነ አትንፉት። የደረቀ ቡሽ ይሰነጠቃል፣ በአፍ የገባ እርጥበትም ውስጡን ያዝገዋል።

ቆዳውን ማጽዳት

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ሁለት ለስላሳ የቀለም ብሩሾች (2 እና 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ የእንስሳ ፀጉር ቢሆኑ ይመረጣል)፣ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት፣ ጥጥ፣ ሁለት ሜትር አቡጀዲ፣ አንድ ቁራጭ ቱል፣ የሕክምና ጓንት። አቡጀዲው ሁለት ጊዜ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ያለ ማለስለሻና ያለ በረኪና፣ ይድረቅ። አዲስ አቡጀዲ ላይ ያለው ሙጫ ነፍሳት ይጠራል።

1. መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። የሚረግፈው ነገር ቀለም በነጭ ላይ ብዙ ይነግራችኋል።

2. አራቱንም ጎን፣ ውስጡንና ማኅተሙን ፎቶ አንሱ። ፍላሽ አይበራ።

3. ነጭ ጥጥ ደረቁን በቆዳው ጀርባ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉ። እንደ በርበሬ ያለ ቀይ ቡና ዓይነት ዱቄት ከወጣ እዚህ ላይ አቁሙ፤ ምክንያቱን ከታች ታገኛላችሁ።

4. ደህና ከሆነ በትልቁ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች አቧራውን አራግፉ፤ ለስፌቱ ትንሹን ተጠቀሙ። የኤሌክትሪክ መጥረጊያ ካላችሁ አፉ ላይ ቱሉን አስራችሁ በዝቅተኛው ኃይል ከ2 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሳቡ። ቱሉ የተበጠሰ ክርና የላላ ቁልፍ እንዳይዋጥ ይይዛል።

5. ነሐስ ቆዳውን በነካበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ሰም የመሰለ ነገር ታያላችሁ። የቆዳው ስብ ከነሐሱ መዳብ ጋር ተገናኝቶ የሠራው ነው። በጥርስ መጎርጎሪያ ፈንቅላችሁ በደረቅ ጥጥ አንሱት። በውኃ ካሻችሁት ቀለሙ ወደ ቆዳው ይሰርግና አይለቅም።

6. አቡጀዲውን ሰፋ ባለ ድቡልቡል ጠቅልላችሁ የሽጉጡን ቦታ ሙሉበት። አታጥብቁ፤ ቅርጹን ይደግፍ እንጂ አዲስ ቅርጽ አይስጠው። ለዓመታት ተጨፍልቆ የኖረ ከሆነ በአንድ ቀን አይቀናም። በየሦስት ቀኑ እፍኝ እፍኝ ጨምሩበት። ጋዜጣ አትጠቀሙ፤ አሲዱና ቀለሙ ወደ ቆዳው ይሄዳል።

አለቀ። እውነትም አለቀ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሁሉ «ትንሽ ላሳምረው» የሚል ፈተና ነው፤ በየቤቱ የሚሠራውን እንዘርዝረው።

ቅቤ መቀባት። ለኮርቻና ለአለንጋ ሲሠራበት ኖሯል፤ ኮርቻ ግን በየቀኑ የሚሠራበት፣ ሲያልቅ የሚለወጥ ዕቃ ነው። ሳንዱቅ ውስጥ የሚተኛ ቆዳ ላይ ቅቤ ይኮመጥጣል፣ አቧራ ይይዛል፣ ሻጋታ ያበቅላል፣ አይጥም ይጠራል። ቫዝሊንም የምግብ ዘይትም ያው ነው። የቆዳ ማለስለሻ ተብለው የሚሸጡትም ቢሆኑ በሙዚየም ሥራ ከቀሩ ቆይተዋል፤ ቆዳን ያጠቁራሉ፣ ዕድሜ ግን አይጨምሩለትም።

ለሊስትሮ መስጠት። ልጁ ሥራውን ያውቃል፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ የሚያውቀው ጫማ ነው። አንድ ጊዜ ቀለም የተቀባ አፎት የእጅ መዳሰሻውን፣ የቁጥር ጽሑፉንና የዘመን ቀለሙን አንድ ላይ ያጣል።

ማጠብና ፀሐይ ላይ ማስጣት። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። አዲስ፣ በዛፍ ቅርፊት የለፋ ቆዳ ረጥቦ ከ75 ዲግሪ በላይ ሙቀት ካላገኘው አይጨማደድም። ያረጀ ግን ይህ መቋቋሚያው እየወረደ በ40 ዲግሪ አካባቢ ሊኮማተር ይችላል። እርጥብ አፎት በጥር ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ቢሰጣ ከሰዓታት በኋላ የሚገኘው እንደ ቋንጣ የደረቀ፣ ምንም የማያቀናው ነገር ነው። የሸራ ትጥቅም አይታጠብም፤ ወታደሩ በእጁ የቀባው አረንጓዴ ወይም ካኪ ቀለም በመጀመሪያው ውኃ ይወርዳል።

አሁን ወደ ቀዩ ዱቄት። ይህ የቆዳው ሞት ነው፤ ጭስና የተበከለ አየር ባመጣው አሲድ ቃጫው ፈርሶ ነው። አይመለስም። ቅባት ሲነካው ወደ ጥቁር ጭቃ ይለወጣል። እንዲህ ያለውን አፎት ሳታጸዱ፣ ሳትሞሉ፣ በታጠበ አቡጀዲ ጠቅልላችሁ ለብቻው በካርቶን አስቀምጡት፤ ሲነሳ ከነካርቶኑ ይነሳ። ቅርጹና ታሪኩ እንዳለ ይቆያል፣ መታጠቅ ብቻ አበቃ።

ነጭ ነገር ስታዩ ሁሉ ሻጋታ ነው አትበሉ። ከድሮ ቅባት የወጣ ስብ ገጽ ላይ ደርቆ ነጭ አመዳይ ይመስላል። የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ለጥቂት ሴኮንድ ከሩቅ ስትነፉበት ከቀለጠና ከጠፋ ስብ ነው፤ በጥጥ ይጠረጋል። ካልቀለጠ፣ ክር ክር ካለና እንደ ምድር ቤት ከሸተተ ሻጋታ ነው። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ደጅ አውጡት፤ በጥላ ሁለት ሦስት ቀን አናፍሱት፤ ሲደርቅ ብቻ በብሩሽ አራግፉት። እርጥቡን ከነካችሁት ተለስኖ ወደ ቆዳው ይገባል።

ነሐስና ብረት

ብራሶ ለሰልፍ እንጂ ለማቆየት አይደለም። በእያንዳንዱ ውልወላ ከአንበሳው ጎፈር ላይ ጥቂት ይቀንሳል፤ የሃምሳ ዓመት ውልወላ አንበሳውን ውሻ ያስመስለዋል። ነጩ ቅሪቱም በፊደሎቹ መሀል ይቀራል። በደረቅ ጥጥ ጠርጋችሁ በጓንት ያዙት፤ ጥቁረቱ ጉዳት የለውም። የኒኬል ሽፋን ያለው ፊሽካማ በብራሶ ጨርሶ ይላጣል። የዛገ የብረት ዘለበት ግን ይታከማል። ሥሩ ካርቶን አስገቡ፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ የስፌት መኪና ዘይት ጠብታ አኑሩ፣ አንድ ቀን ቆይታችሁ በጥጥ ጥረጉ። ካርቶኑ ዘይቱ ወደ ቆዳው እንዳይሄድ ነው።

ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው አንድ ልዩ ማሳሰቢያ አለ፤ ላም ያለበት ቤት። በረት አጠገብ ባለ ክፍል ውስጥ ነሐስ አታስቀምጡ። ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነሐስን ይሰነጥቃል። እንግሊዞች ይህን በሕንድ በከባዱ መንገድ አወቁት። በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጥ ያከማቿቸው ጥይቶች ቀለሃቸው እየተሰነጠቀ አስቸገራቸው፣ ምክንያቱም በጥናት የተረጋገጠው በ1921 (እ.ኤ.አ.) ነው። የቁልፍ ጀርባና የአርማ መርፌም ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ብራሶም ውስጡ አሞኒያ አለ።

ወረቀትና ፎቶ

ሞዴል 22 ወይም ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ካገኛችሁ ከአፎቱ ያላነሰ ዋጋ አለው። የወጣውንና የተመለሰውን መሣሪያ ቁጥር ይዞ ሽጉጡ የት እንደገባ የሚመሰክር እሱ ነው፤ ለወራሾችም «ሽጉጡን የት አደረሳችሁ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልስ ይሆናል። ላሚኔት አታስደርጉት። ሙቀቱና ሙጫው አይመለስም። በስካች አትለጥፉት፣ በቀስታ ዘርግታችሁ በስልክ ቅዱትና በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሀል አኑሩት። መስተዋት ላይ የተጣበቀ ፎቶ አይፈነቀልም፤ ከነመስተዋቱ ፎቶ ይነሳል። ከጀርባ ስም ስትጽፉ በለስላሳ እርሳስ ብቻ።

ክረምቱን ማሳለፍ

ሻጋታ የአየሩ እርጥበት ከ65 በመቶ ሲያልፍ ይነሳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። የጭቃ ግድግዳ ውኃ ይስባል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሌሊት ይቀዘቅዝና ያልባል። ስለዚህ ከውጭ ግድግዳ አንድ ክንድ፣ ከወለል አንድ ስንዝር፣ ከኮርኒሱም ራቅ አድርጉ። የመሀል ግድግዳ አጠገብ ያለ ቁም ሣጥን መሀለኛ መደርደሪያ ከሁሉ ይሻላል።

የቆርቆሮ ሳንዱቁ አይጥ ይከለክላል፣ ግን ያልባል። ልትጠቀሙበት ከወሰናችሁ ውስጡን በታጠበ አቡጀዲ ደርቡና ዕቃው ብረቱን እንዳይነካ አድርጉ። ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ሰብስባችሁ በዛ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ሁለት ሦስቱ ለሳንዱቅ ምንም አይደሉም። ዕቃ በፌስታል ቋጥሮ ማስቀመጥ እርጥበቱን ከዕቃው ጋር መቋጠር ነው። የራክሲን (የሰው ሠራሽ ቆዳ) ሽታ ያለው ላስቲክም ነሐስን ያዝጋል።

የሱፍ ካፖርት ወይም ቆብ ካለ ብል ይፈልገዋል። ናፍታሊን ሽታው ከልብስም ከሳንባም አይወጣም። ይልቅ ልብሱን በሁለት ላስቲክ አየሩን አስወጥታችሁ አሽጉት፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ካወጣችሁት በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ላስቲኩን አትክፈቱ፤ አለዚያ ጤዛው ልብሱ ላይ ያርፋል። መብራት በየቀኑ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ቅዝቃዜው ሲቆራረጥ ዕንቁላሉ ይተርፋል። ካኪው ጥጥ ስለሆነ ብል አይፈልገውም።

ሳሎን ግድግዳ ላይ መስቀል ለሚፈልጉ፦ ፀሐይ ያነጣዋል፣ የቡናው ዕጣን ደግሞ በዓመት ውስጥ የሚያጣብቅ ጥላሸት ይደርብበታል። ፎቶውን አሳትማችሁ ስቀሉ፤ ዕቃው ይረፍ።

ከገበያ ስትገዙ

መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ወይም በየሰፈሩ የሚያልፈው ቆራሌው ጆንያ ውስጥ፣ አርማና ቁልፍ በኪሎ ለማቅለጥ ሲሄድ ይገኛል። ቆራሌውን ከሰፈራችሁ ጋር አስተዋውቁት፤ ከነሐስ ዋጋው ትንሽ ጨምራችሁ ስትከፍሉት ቀጣዩን እናንተ ዘንድ ያመጣዋል። ከየት ቤት እንደገዛው እዚያው ጠይቁና ጻፉ፣ ማታ ይረሳዋል።

ሐሰተኛ አፎት የሚታወቀው በአረጃጀቱ ነው። እውነተኛው የሚያልቀው እጅ በሚደርስበት ነው፣ ክዳኑ ጫፍ ላይና ቀበቶ በሚያልፍበት። ቀበቶው ላይ ከአምስት ቀዳዳ አንዱ ብቻ ሞላላ ሆኖ ይሰፋል፤ የባለቤቱ ወገብ ነው። ሁሉም ቀዳዳ እኩል ካረጀ፣ ውጩ ተፍቆ ውስጡ ጸጉሩ ሳይነካ ካለ፣ ክሩም እንደ ናይለን ካብለጨለጨ በሻይ የተነከረ አዲስ ነው።

ደንብ ልብሱንና አርማውን ለብሶ መታየት በሕግ ያስጠይቃል፤ ለፎቶም ቢሆን አታድርጉት። ወደ ውጭ አገር መላክ የሚፈልግ ዘመድ ካለ ቦሌ ሳይደርስ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቅ። ጉምሩክ ላይ የተያዘ አፎት በእርጥብ መጋዘን ይከርማል።

መለያ ጽሑፍ

የታጠበ አቡጀዲ ቁራጭ፣ 2 በ6 ሴንቲ ሜትር፣ በለስላሳ እርሳስ ይጻፍበት፦ ቁጥር፣ የባለቤቱ ማዕረግና ስም፣ የታጠቁበት ጎን፣ የጣቢያው ስም፣ የተቀረጸው ድምፅ ስልክ ላይ ያለው ስምና ቀን። በክር በቀበቶው ቀዳዳ ውስጥ ይታሰር፤ አይለጠፍ፣ አይሰፋ። ሁለት ጊዜ ክፈቱት፦ በግንቦት አጋማሽ፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ከመስቀል ማግሥት ደግሞ ሲወጣ። በከፈታችሁ ቁጥር መጀመሪያ አሽትቱ። እርጥብ መሬት የሸተተ እንደሆነ ዓይን ሻጋታውን ከማየቱ በፊት ነው፤ ያኔውኑ አቡጀዲውን ለውጡና ሳንዱቁን ከግድግዳው አርቁ።